መንጃ ፈቃድ አወጣችሁ? እንኳን ደስ አላችሁ! ፈጣን መንገድ ከመግባታችሁ በፊት ግን ይህን አንብቡ



በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን መርጬ ላካፍላችሁ። አንድ ወንድማችን እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ቅዳሜ ለዘመድ ሰርግ ቤተሰቤን ይዤ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ልነዳ ነው። ከጤና አንጻር መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?»

ጥያቄውን በጣም ወድጄዋለሁ። ብዙዎቻችን መንዳት የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይመስለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ልጆቻችንንና ወጣቶቻችንን ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚወስድብን ነገር የጤና ጉዳይ ካልሆነ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አናወራም። ስለ ፈጣን መንገድ እናወራለን። ደንቦቹን በትምህርት ቤት ሸምድዳችሁ ፈተና አልፋችኋል። እኔ የምነግራችሁ ከየደንቡ ጀርባ ያለውን የሰውነት ምክንያት ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ፖሊስ ባይኖርም ደንቡን ያከብራል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ

የሰው ሰውነት የተሠራው በእግሩ ለመሄድና ለመሮጥ ነው። ከሰው ሁሉ ፈጣን የሚባለው ዩሴይን ቦልት እንኳ በጣም በፈጠነበት ቅጽበት የሮጠው በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓይናችን፣ አእምሯችን፣ አጥንታችን የሚያውቁት ይህን ያህል ነው። መኪናው 120 መሄድ ይችል ይሆናል፤ መንገዱም ይፈቅድ ይሆናል፤ የእናንተ ዓይንና አንጎል ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። የፈጣን መንገድ ደንቦች በሙሉ ይህን ክፍተት ለመሸፈን የወጡ ናቸው።

ለማጅ ሆናችሁ የተማራችሁት ደግሞ የት ነው? ብዙዎቻችሁ በአዲስ አበባ መንገድ፣ በ30 እና በ40፣ አስተማሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ግን ሌላ ዓለም ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ የትራፊክ መብራት የለውም። መንገዱ ቀላል ስለሚመስል ነው የሚያታልለው። ከተማ ውስጥ የሚሠራ ስህተት ስፖኪዮ ይሰብራል። እዚያ የሚሠራ ስህተት ሰው ይሰብራል።

1. «ወዲያው ፍሬን እይዛለሁ» ማለት ስንት ሜትር ነው?

ከፊታችሁ ያለው መኪና በድንገት ቆመ እንበል። ዓይናችሁ ያያል፤ አንጎላችሁ «አደጋ ነው» ብሎ ይወስናል፤ ትዕዛዙ ወደ እግራችሁ ይወርዳል፤ እግራችሁ ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ፍሬን ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ በጤነኛና በነቃ ሰው ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ መኪናው ምንም አልቀነሰም፤ በነበረበት ፍጥነት እየሄደ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ ሥራ የሚጀምረው።

በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማና በጥሩ ፍሬን ሒሳቡ በግምት እንዲህ ነው፦

- በ60 ኪ.ሜ. ፍጥነት፦ ፍሬን እስክትረግጡ 25 ሜትር፣ መኪናው እስኪቆም ሌላ 20 ሜትር። ድምር 45 ሜትር።
- በ100 ኪ.ሜ. ፍጥነት፦ 42 ሜትር ሲደመር 55 ሜትር። ወደ 100 ሜትር ተጠጋ።
- በ120 ኪ.ሜ. ፍጥነት፦ 50 ሜትር ሲደመር 80 ሜትር። 130 ሜትር።

ልብ በሉ! ከ60 ወደ 120 ፍጥነቱ እጥፍ ነው የሆነው፤ ፍሬኑ የሚፈልገው ርቀት ግን ከ20 ወደ 80፣ አራት እጥፍ ሆነ። «ትንሽ ነው የጨመርኩት» የሚባል ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሜትር መቁጠር አያስፈልግም፤ ሰከንድ ቁጠሩ። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ምልክት ወይም ድልድይ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» በሉ። ሳትጨርሱ እዚያ ምልክት ጋ ከደረሳችሁ በጣም ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ ቅሩ። ዝናብ ወይም ጉም ካለ ደግሞ እስከ ስድስት ቁጠሩ። ክፍት ቦታ ትታችሁ ሌላ መኪና ቢገባባችሁ አትናደዱ። ትንሽ ቀንሱና እንደገና ሦስት ሰከንዳችሁን ያዙ። ሰርጉ ላይ ሁለት ደቂቃ ብትዘገዩ ሙሽራው አያኮርፍም።

በሌሊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳያችሁ በአስር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ነው። በ100 እየነዳችሁ ለመቆም ደግሞ 100 ሜትር ያህል ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ መብራታችሁ ያሳያችሁን ነገር ከማቆማችሁ በፊት ትደርሱበታላችሁ ማለት ነው። መንገዱ አጥር ቢኖረውም መሐል መንገድ ላይ መብራት ሳይኖረው የቆመ የጭነት መኪና፣ የወደቀ ጎማ፣ አንዳንዴም የሚያቋርጥ ሰው ወይም እንስሳ ሊገጥማችሁ ይችላል። ለአዲስ አሽከርካሪ ምክሬ አጭር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት በፈጣን መንገድ ላይ ሌሊት አትንዱ። የርቀት እይታችሁ ደከም ካለ መነጽራችሁን አድርጉ። በምሽት ብርሃን የሚበታተንባችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ተመርመሩ።

2. ስልክ

በ100 እየነዳችሁ መልእክት ለማየት ዓይናችሁን ለ5 ሰከንድ ብቻ ብታነሱ ወደ 140 ሜትር ሄዳችኋል። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ስታዲየም እንደ ማቋረጥ ነው!

እየነዱ ስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች አደጋ የሚገጥማቸው ከማይጠቀሙት በአራት እጥፍ ያህል ነው። «እኔ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው» የምትሉም አላችሁ። እጃችሁ መሪ ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አእምሯችሁ ግን ወሬው ላይ ነው። ዓይን አይቶ አእምሮ የማይመዘግብበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ቦርሳ ውስጥ ከቶ የኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። የሚደውል ሰው ካለ ጎናችሁ የተቀመጠው ያንሳው።

3. ቀበቶ፦ ግጭት አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው

ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። መኪና ሲጋጭ የመጀመሪያው ግጭት የመኪናው ነው፤ ቆመ። እናንተ ግን አልቆማችሁም፤ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ትሄዳላችሁ። ሁለተኛው ግጭት የእናንተ ነው፤ ከመሪው፣ ከመስታወቱ፣ ከፊት ወንበር ጋር። ሦስተኛው ግጭት ደግሞ ውስጣችሁ ነው፤ አንጎል ከራስ ቅል ጋር ይላተማል፣ ጉበትና ጣፊያ ይተረተራሉ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ከውጪ ጭረት ሳይታይበት፣ እያወራ መጥቶ፣ ውስጡ እየደማ የምናገኘው።

በ100 ኪ.ሜ. ፍጥነት ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መጋጨት ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ከ13ኛ ፎቅ በሉት። ከ13ኛ ፎቅ መስኮት ላይ ያለ መያዣ የሚደገፍ ሰው አለ?

ቀበቶ ሁለተኛውን ግጭት ያስቀራል፤ ሦስተኛውን ያለዝባል። የመሞት ዕድልን እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ኤርባግ ቢኖርም ቀበቶ ግዴታ ነው፤ ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ሰው ነው።

አንዳንድ ልብ የማንላቸው ነገሮች፦

- የኋላ ተቀማጮች። «ከኋላ ምን አለ?» የሚባለው ስህተት ነው። ቀበቶ ያላሰረ የኋላ ሰው በግጭት ጊዜ የፊተኛው ላይ ይወነጨፋል። ከኋላ ያሉት ሽማግሌ አባታችሁም ቢሆኑ «አባዬ፣ ይህቺን ልሰርልዎት» ብላችሁ በአክብሮት እሰሩላቸው። ሳታስሩ ሞተር አታስነሱ።
- ልጅ ማቀፍ። በ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት እንኳ በድንገት ብትጋጩ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእጃችሁ ላይ ከአንድ ኩንታል በላይ ሆኖ ይከብዳል። ኩንታል ጤፍ በድንገት ቢወረወር በእጁ የሚያስቀር እናትም አባትም የለም። ሕፃን በልጆች ወንበር ይሁን። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከኋላ ይቀመጡ። ልጅን ከራስ ጋር በአንድ ቀበቶ ማሰርም አደገኛ ነው፤ የእናንተ ክብደት ይጨፈልቀዋል።
- እርጉዝ እናቶች። እርግዝና ቀበቶ ላለማሰር ምክንያት አይሆንም። የታችኛው ማሰሪያ ከሆድ በታች፣ ዳሌ አጥንት ላይ ይለፍ። የላይኛው በሁለቱ ጡቶች መካከል፣ ከሆድ ጎን ይውረድ። ሆድ ላይ በፍጹም አይለፍ። ቀላል ግጭት እንኳ ቢደርስ ሕመም ባይሰማችሁም ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ታዩ።
- የራስ መደገፊያ። ከላይ ያለው ጫፍ ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን። ከኋላ ስትመቱ አንገታችሁን የሚያተርፈው እሱ ነው።
- ከመሪው ያላችሁ ርቀት። ደረታችሁና መሪው መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። አዲስ አሽከርካሪዎች ፈርተው መሪው ላይ ይጣበቃሉ፤ ኤርባግ ሲፈነዳ ያ አደጋ ነው።

4. እንቅልፍ፦ ሳታውቁት የሚወስዳችሁ

ቀጥ ያለ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ወደ አዳማ ሲወርዱ የሚጨምር ሙቀት። አንጎልን ለማስተኛት ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። እንቅልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ጭንቅላት ወድቆ አይደለም የሚመጣው። ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ፣ አንዳንዴ ዓይን እንደተከፈተ፣ አንጎል ብቻውን ይተኛል። በ100 እየነዳችሁ ሦስት ሰከንድ ማለት ከ80 ሜትር በላይ መኪናው ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ጥናቶች እንደሚያሳዩት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የመንዳት ብቃቱ አልኮል እንደጠጣ ሰው ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳችሁ ከሆነ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሰክራችሁ እንደ መንዳት ነው፤ ጠብታ መጠጥ ሳትቀምሱ! ስለዚህ ሰርግ ላይ ውላችሁ፣ ጨፍራችሁ፣ በዚያው ምሽት መመለስ የሚባለውን ነገር ሰርዙት። እዚያው እደሩ።

ሰውነት በተፈጥሮው የሚደክምባቸው ሁለት ሰዓቶችም አሉ፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት እና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። ሁለተኛው ከምሳ ጋር ሲገጥም ከባድ ነው።

የሚከተሉትን ካያችሁ እንቅልፍ መጥቷል፦ ደጋግሞ ማዛጋት፣ ዓይን መክበድ፣ ያለፋችሁትን ምልክት አለማስታወስ፣ ከረድፍ መውጣት። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር አያድንም። የሚያድነው መቆም ብቻ ነው። ግን የመንገዱ ዳር ላይ አትቁሙ! በቅርቡ ባለው መውጫ፣ ቢሾፍቱም ይሁን ሞጆ፣ ውጡ። አንድ ቡና ጠጡና መኪናው ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተኙ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ስለሆነ ስትነሱ ይደርስላችኋል።

5. ከመሪው በፊት የምትወስዱት ነገር

መድኃኒት። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚታዘዙ እንደ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን እና ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ መድኃኒቶች ያስተኛሉ። ዳያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ትራማዶልም እንዲሁ። «ለጉንፋን ናት፣ ምን ታደርጋለች» ብላችሁ አትዋጡ። ከፋርማሲ ስትወስዱ «ነገ ረጅም መንገድ እነዳለሁ፣ ያስተኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለነርቭ ወይም ለሚጥል በሽታ በሐኪም የታዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። መንዳት እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ስኳር ያለባችሁ። በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ከመነሳታችሁ በፊት ተለኩ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ብሉ። ከ70 በታች ከሆነ አትንዱ፤ ስኳር ያለው ነገር ወስዳችሁ፣ ወደ ቦታው ከተመለሰም በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ከረሜላ ወይም ጭማቂ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መጠጥ። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም፣ ውስኪም አልኮል ነው። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚያጣራው፤ ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ቁርጥ መብላትም አያፋጥኑትም። ማታ በደንብ የጠጣ ሰው ጠዋትም ደሙ ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል። ለአዲስ አሽከርካሪ ትክክለኛው መጠን ዜሮ ነው።

ጫት። «ያነቃኛል» ይባላል። ምርቃናው ላይ ሰው ራሱን ከሚችለው በላይ እንደሚችል አድርጎ ያያል፣ ይፈጥናል። ሲለቀው ደግሞ የተጠራቀመው ድካም አንድ ላይ ይመጣል። ንቃት በብድር ነው፤ ብድሩ የሚከፈለው መንገድ ላይ ነው።

ጾም። በጾም ሰዓት ከነዳችሁ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ምረጡ። ራስ ካዞራችሁ ወይም ላብ ላብ ካላችሁ ውጡና አርፉ።

6. መንገዱ ላይ

አሁን ሰውነታችሁ ተዘጋጅቷል። መንገዱ ላይ ደግሞ እነዚህን ያዙ።

ስትገቡ። የክፍያ ጣቢያውን አልፋችሁ ዋናው መንገድ ላይ ስትቀላቀሉ የመግቢያው ረድፍ የተሠራው ፍጥነት እንድትጨምሩበት ነው። ፍሬቻ አሳዩ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ አንገታችሁን ዞር አድርጋችሁ ስፖኪዮ የማያሳየውን ጎን እዩ፤ ፍጥነታችሁን ከመንገዱ ጋር አቀራርባችሁ ግቡ። በ40 መግባት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ከኋላ በ110 ለሚመጣው ግን ግድግዳ ነው።

ረድፍ። ቀኙ የመንጃ ረድፍ ነው፤ ግራው ለመቅደም ነው። አዲስ ከሆናችሁ በቀኝ ሂዱ። መቅደም ከፈለጋችሁ በግራ ቅደሙ፣ የቀደማችሁትን መኪና በመሐሉ ስፖኪዮ ስታዩት ተመለሱ። በቀኝ በኩል፣ በተለይ በመንገዱ ዳር፣ አትቅደሙ። ከትልቅ የጭነት መኪና ጎን ለጎን አትቆዩ። ሹፌሩ አያያችሁም፤ አልፋችሁት ስትወጡም ንፋሱ መኪናውን ይገፋል። አዳማ አካባቢ እነዚያ የንፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም፤ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ።

ዝናብ። ጎማና አስፋልት መካከል ውኃ ሲገባ መኪናው ይንሳፈፋል፤ መሪው ይቀላል። ያኔ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ አትጠምዝዙ። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

ጎማ ቢፈነዳ። ያው ነው፦ ፍሬን አትደንግጡበት። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነዳጅ ልቀቁ፣ መኪናው ራሱ ሲቀንስ ወደ ቀኝ ዳር ውጡ። እንዳይፈነዳ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ንፋሱን አስለኩ፤ ስኮርታውንም ጭምር። ከመጠን በላይ አትጫኑ።

መውጫ ካለፋችሁ። በቃ፣ አልፏል። ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት፣ መዞር፣ ቆሞ ማሰብ የለም። ወደሚቀጥለው መውጫ ሂዱ። የጠፋው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ብር ነው።

ስትወጡ። አንጎል ፍጥነትን ይለምዳል። አንድ ሰዓት በ100 የነዳ ሰው 70 ላይ ሲደርስ የሚዳክር ይመስለዋል። ከፈጣን መንገድ ወጥታችሁ ሰው፣ ባጃጅና ጋሪ ወዳለበት መንገድ ስትገቡ ስሜታችሁን አትመኑ፤ የፍጥነት መለኪያውን እዩ።

7. መኪና ከተበላሸ ወይም አደጋ ካጋጠመ

መኪናችሁ ከቆመ በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ ዳር አውጡት፣ የአደጋ ጊዜ መብራት አብሩ። ሁሉም ሰው በቀኝ በር ወጥቶ ከብረት አጥሩ ማዶ ይቁም። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅም ሆነ ከኋላው ቆሞ መግፋት ሕይወት ያስከፍላል። ባለሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከመኪናው ኋላ ቢያንስ 100 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ፤ ስትሄዱ የሚመጡትን መኪኖች እያያችሁ ከአጥሩ ማዶ ሂዱ።

ሰው ከተጎዳ፦

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ። ሁለተኛ ተጎጂ አትሁኑ።
2. ደውሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ያላችሁበትን ቦታ በአቅራቢያ ካለ የኪሎ ሜትር ምልክት ወይም መውጫ ተነስታችሁ ንገሩ።
3. እሳት ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን ጎትታችሁ አታውጡ። የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ጉተታው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ራሱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና አረጋጉት።
4. የሚደማ ቦታ ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። «ቆመ ወይ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ አትክፈቱ።
5. ውኃ አታጠጡ። እኛ ዘንድ የተለመደ ደግነት ነው፤ ግን ራሱን ያልያዘ ሰው ትን ሊለው ይችላል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል።
6. «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው። ስለ ሦስተኛው ግጭት የነገርኳችሁን አስታውሱ።

ለወንድማችን ጥያቄ መልሴ

ግልጽ ልሁን። ሰርጉ የመጀመሪያ የፈጣን መንገድ ጉዞህ አይሁን። አዲስ አሽከርካሪ፣ ሙሉ ቤተሰብ፣ የሰዓት ጥድፊያ፣ የማታ መመለስ፤ እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጥሩ ሹፌርም ይፈተናል። ከዚያ በፊት በአንድ ደረቅ ቀን፣ በጠዋት፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር እስከ ቢሾፍቱ ሄደህ ተመለስ። ሌላ ቀን ድገመው። ጊዜ ከሌለህ ለቅዳሜ ልምድ ያለው ሰው ይንዳ፤ አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ተማር። ይህ ነውር የለውም።

ተሳፋሪዎችም ድርሻ አላችሁ። «ንዳው እንጂ፣ ምን ትጎተታለህ!» የምትለዋ ቃል ነዳጅ ላይ እንዳለ እግር ናት። በተለይ ወጣት ሹፌር ጓደኞቹን ሲጭን አደጋው እንደሚጨምር በጥናት የታወቀ ነው። ለአዲስ ሹፌር የምትሰጡት ትልቁ ስጦታ «ቀስ በል፣ አንቸኩልም» ማለት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ይህቺን በፎቶ ያዟት፦

- ትናንት ማታ ከ7 ሰዓት በላይ ተኝቻለሁ?
- የሚያስተኛ መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ጫት አልወሰድኩም?
- ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ስኮርታ፣ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት አይቻለሁ?
- ከፊትም ከኋላም ሁሉም ታስሯል?
- ስልኩ ከእጄ ርቋል?
- ቢደክመኝ የት እንደምወጣ አውቃለሁ?

ከስድስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ ጉዞው ይቆይ።

በዚህ ሰሞን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ። ጤናችሁ ይብዛ!